ስድስት ኩባያ ከሩብ

ሚዛን ስሟ አይደለም። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሚዛን ነች፤ ዕድሜዋን የሚያከብሩት ደግሞ እትዬ ሚዛን ይሏታል። ስሙ የወጣላት በወጣትነቷ ነው፣ ኬክ ክፍል በገባች ሰሞን። ሌሎቹ ሠራተኞች ዱቄቱን በእፍኛቸው እየዘገኑ "ይበቃል"፣ "ኧረ ትንሽ ጨምሪበት" ሲባባሉ፣ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ሁሉንም ነገር ትመዝን ነበር። ጨው እንኳ አይቀራትም። አንድ ቀን የምድጃው ሰው ሻይ ሲያቀብላት ስኳሩን ሳትመዝን አትጠጣም ብሎ ሚዛኑን አብሮ አመጣላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም በዚያው ተጣብቆ ቀረ። እሷ አልከፋትም። እውነቱን ከተናገርን እንዲያውም ደስ ብሏታል።

ኩባያ የሚባል ነገር ዓይኗ አይወደውም። "ኩባያ እንደ ሰፋሪው ነው" ትላለች። "የተናደደ ሰው ሲሰፍር ሌላ፣ የደላው ሰው ሲሰፍር ሌላ። ግራም ግን ግራም ነው። ንጉሥ ቢመዝነው፣ ሌባ ቢመዝነው ያው ነው።" ይህን ስትናገር ጣቷን ታነሣለች፤ ሰሚው ካልተስማማ ጣቱ አይወርድም።

ይህን ንግግር ከማንም በላይ ጆሮዋ እስኪደነቁር የሰማችው ታናሽ እህቷ ነች። እህቲቱ የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ስትሆን፣ ለዚያ ሁሉ ተማሪ ሩዝና ሾርባ የምታበስለው በአንድ ጠርዙ በተላጠ የብረት ኩባያ እየሰፈረች ነው። ማታ ኩባያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ይዛው ትገባለች፤ ቤቷም የምትሰፍረው በሱ ነው። ሚዛን የሚባል ዕቃ ቤቷ ገብቶ አያውቅም። የሚገባው ሚዛን እህቷ ብቻ ነው፣ እሱም እሑድ እሑድ፣ የዳቦ ቤቱን ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ።

ድሮ ድሮ ታናሽየው ኬኩን በልታ ጣቷን ትልስና "እትዬ፣ በሞቴ፣ አሠራሩን ንገሪኝ" ትል ነበር።

"ዱቄት አንድ ሺህ ግራም፣ ስኳር ስምንት መቶ ግራም..."

"በኩባያ ስንት ነው?"

"በኩባያ የለም።"

"እንዴት የለም? ዱቄቱ ኩባያ ውስጥ አልገባም ይላል?"

"በኩባያ ከሰፈርሽው የኔ ኬክ አይደለም።"

እህቲቱ ትስቅና ትተወዋለች። በሚቀጥለው እሑድ ደግማ ትጠይቃለች፤ ሚዛንም ያንኑ ግራም ትደግምላታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ፤ አንድ ጊዜ ላይ እህቲቱ መጠየቋን ተወች። ሚዛን መተዋን እንኳ ልብ አላለችም።

ከዚያ የዓይኗ ነገር መጣ።

መጀመሪያ ጥፋቱን በሚዛኑ አሳበበች። ቁጥሮቹ ደበዘዙ ብላ ባለ ዳቦ ቤቱን ነዘነዘችው፤ ባትሪ ተቀየረ። አሁንም ደበዘዙ አለች፤ ሚዛኑ ራሱ ተቀየረ። አዲሱም እንደ አሮጌው ሲደበዝዝባት ጊዜ ነው ሽርጧን ፈትታ ዓይን ሐኪም ጋ የሄደችው። ሐኪሟ መብራት አብርታ፣ ጠብታ ጨምራ፣ ብዙ አየቻት። ዳር ዳሩን ታያለች፤ መሃሉ ግን ጠፍቷል። የሰው ትከሻ ይታያታል፣ ፊቱ አይታያትም። በሩ ይታያታል፣ እጀታውን በዳሰሳ ትፈልገዋለች።

"ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን፤ የሄደውን ግን መመለስ አልችልም" አለቻት ሐኪሟ።

"ቁጥር አነባለሁ?"

"ቁጥር ለማንበብ መሃሉ ያስፈልጋል፣ እናቴ።"

ሚዛን አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንሥታ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ግን የግድግዳ ጥግ ይዛ ትንሽ ቆመች።

ባለ ዳቦ ቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። የድሮው ባለቤት ልጅ ነው፤ ሱሪው የማይጠብቅለት ሕፃን ሳለ ክሬም ሲሰርቅ በማማሰያ ያባረረችው እሷ ነች። ነገሩን ሲሰማ የቻለውን ሁሉ አደረገ። የሚናገር ሚዛን አለ ሲባል ሰምቶ ከተማውን አስፈለገ፤ አልተገኘም። ቁጥር የሚያነብላት ሰው አጠገቧ አቆመ፤ አንባቢው አንዴ ወደ ዳቦ ክፍል ይጠራል፣ አንዴ ሀሳቡ ይሄድና ሁለት መቶውን ሦስት መቶ ይላል። አንድ ሙሉ ሊጥ ከተደፋ በኋላ ባለቤቱ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ እዚህ ቤት ስንት ዘመን ለፉ። አሁን አረፍ ይበሉ። መስኮቱ ጋ ጥሩ ወንበር አስቀምጥልዎታለሁ። ደሞዝዎ አይነካም።"

"እዚያ ተቀምጬ ምን እሠራለሁ?"

"ምንም። ደንበኞቹ ይወዱዎት የለ? ሰላም ይሏቸዋል።"

"ሰላም ማለት ሥራ ሆነና ነው?"

ሚዛን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ዱቄት የጠጡ፣ ጥፍራቸው ያጠረ እጆች ናቸው፤ መስኮት ዳር ተጣጥፈው ሲቀመጡ ማሰብ አንገፈገፋት።

"ስማኝ ልጄ። ዓርብ ጠዋት አንድ ኬክ ለብቻዬ እሠራለሁ። ማንም አያነብልኝም፣ ማንም አይነካልኝም። ከተነሣ እዚሁ እቆያለሁ። ካልተነሣ ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ።"

"በምን ሊመዝኑ ነው?"

"እሱን ለኔ ተወው" አለች፤ በልበ ሙሉነት። በምን እንደምትመዝን ግን ፈጽሞ አታውቅም ነበር።

ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው የገባት። መመዘን ካልቻለች ያላት ምርጫ መስፈር ነው። መስፈር ደግሞ በኩባያ ነው። ኩባያ የሚያውቅ ሰው ከፈለገች ያለቻት አንዲት እህቷ ነች። ይሄ ከሐኪሟ ቃል ይልቅ ጎመዘዛት፤ ግን ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ የድሮውን ሚዛን ከዳቦ ቤቱ ተውሳ፣ በከረጢት አንጠልጥላ እህቷ ቤት ደረሰች።

"ምን ተሸክመሽ ነው እትዬ?" አለች እህቲቱ በሩን ከፍታ።

"ሚዛን።"

"ሚዛን ሚዛን ተሸክማ መጣች! ዛሬስ ዝናብ ሳይዘንብ አይቀርም።"

"ቀልዱን ተይና ኩባያሽን አምጪው።"

"የቱን?"

"ያንን ውሸታሙን።"

"እንዴ! ዕድሜውን ሙሉ ሰድበሽው ሰድበሽው ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?" እህቲቱ ገና ብዙ ልትል ነበር። ነገር ግን የታላቋ እጅ የወንበሩን መደገፊያ ፈልጎ በአየር ላይ ሲንከራተት አየችና አፏ ተያዘ። "እትዬ፣ ምን ሆነሻል?"

ሚዛን ሁሉንም ነገረቻት፤ ዓይኗን፣ ወንበሩን፣ ዓርብን። እህቲቱ በቀጭን ድምፅ "ታዲያ የኔ ፊትስ?" አለች።

"ያንቺን ፊት ከተወለድሽበት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁን ባላየው ምን ይቀርብኛል?"

እህቲቱ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ አፍንጫዋንም ጨመረችበት። "በይ ተቀመጪ" አለች። "እኔ እሰፍራለሁ፣ ቁጥሩንም እኔው አነባለሁ። አንቺ ዱቄቱን ወለሌ ላይ እንዳትበትኚው።"

ሚዛን ራሷ ልትሰፍር ፈልጋ ነበር፤ ሰው ቤት ነውና ተወችው። እህቲቱ ዱቄቱን ከቆርቆሮው እየጠለቀች፣ ሚዛኑ ላይ እየገለበጠች፣ እግረ መንገዷን ስለ ትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋብቻ እያወራች መሥራት ጀመረች። ሥራና ወሬ ከሷ ዘንድ ተለያይተው አያውቁም። ማንኪያው ከድስት ይጋጫል፣ ክዳን ይወድቃል፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል።

"መቶ ስልሳ።"

"ድገሚው።"

"መቶ ስልሳ።"

"አሁንም ድገሚ።"

"መቶ ስልሳ አንድ። እንዴ እትዬ፣ ፈተና ላይ ነው እንዴ ያለሁት?"

ሚዛን በሆዷ ቀመረች። አንድ ሺህ ግራም ለመቶ ስልሳ ሲካፈል ስድስት ኩባያ ከሩብ። ስኳሩ እንዲያውም ገር ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ኩባያ ሁለት መቶ፣ ስምንት መቶው አራት ኩባያ። ቅቤው ግን ኩባያ ውስጥ አልጠቀጠቅ ብሎ አስቸገረ፤ ለሱ መላ ያመጣችው ሚዛን ነች። አንድ የፕላስቲክ ጆግ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ እስከ ታችኛው ጭረት ሞልቶ፣ ቅቤውን እየቆረሱ በጣት እያሰጠሙ፣ ውኃው ላይኛው ጭረት ላይ ሲደርስ ማቆም። ጭረቶቹን እህቲቱ በጋለ ምስማር ስለሠራቻቸው በጣት ይዳሰሳሉ። ቤኪንግ ፓውደሩ በሻይ ማንኪያ ሙሉ፣ በቢላ ጀርባ ተጠርጎ። ሚዛን ቁጥሮቹን እንደ ተማሪ ደጋግማ እያነበነበች፣ ሚዛኑን እዚያው ትታ፣ ኩባያውንና ጆጉን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

ዓርብ ጠዋት ኬክ ክፍሉን ለብቻዋ አስለቀቀች። ምድጃው ጋ ያ የጥንት ባልደረባዋ ብቻ ቀረ፤ እሱም እንዳይናገር አስጠንቅቃዋለች። ዱቄቱን፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደምታደርገው፣ መጀመሪያ ነፋችው። ከተነፋው በማንኪያ እያነሣች ኩባያውን ሞላች፤ በቢላ ጀርባ ጠረገችው። ስድስት ኩባያ ከሩብ። ስኳሩን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ሁሉንም በየተራው ጨመረች። ሊጡን በማማሰያ አንሥታ ወደ ሳህኑ ስታወርደው ቶሎ ወረደ። እጇ "ቀጥኗል" አላት። እሷ ግን ቁጥሩን አስታወሰች፤ ቁጥሩ ልክ ነው። እጇን ዝም አሰኝታ ሊጡን ወደ መጋገሪያው ገለበጠችው። ሚዛን ዕድሜዋን ሙሉ ከእጇ ይልቅ ቁጥር ያመነች ሴት ነች፤ በዚያች ጠዋት ለመለወጥ ጊዜ አልነበራትም።

የምድጃው ሰው ኬኩን ሲያወጣ ድምፁ ጠፋ።

"ምን ዝም ብለህ ታፈጥበታለህ? ተናገር እንጂ።"

"መሃሉ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል።"

ሚዛን እጇን ሰደደች። ጣቷ እስከ አንጓዋ ሰመጠ።

"ይሄን ነው ትንሽ የምትለኝ?"

"ምን ላድርግ፣ ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ ነዋ።" ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሚዛኔ፣ ልጁ ገና አልመጣም። ይሄን እንደብቀውና እኔ እየመዘንኩልሽ ሌላ እንሥራ። ማን ያውቅብናል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

የወደቀውን ኬክ እንደያዘች፣ በትከሻዋ በሩን ገፍታ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። ሲገባም ፊቱ አስቀመጠችው።

"አየኸው?"

"አየሁት፣ እትዬ።"

"እኔም ነካሁት። ወድቋል።"

ባለቤቱ ቁልፉን እያሻሸ ቆየ። ማዘኑ ከድምፁ ያስታውቃል። "እንግዲህ... ወንበሩ መስኮቱ ጋ ነው። ትራስ አድርጌበታለሁ።"

"ትራሱ ይቆይ። ሰኞ አንድ ጊዜ እሠራለሁ።"

"ሰኞ ምን የሚለወጥ ነገር አለ እትዬ?"

"ምን እንደተበላሸ አላውቅም። ምን እንደተበላሸ ሳላውቅ ግን አልቀመጥም። የሰኞው ከወደቀ ሽርጤን በገዛ እጄ ፈትቼ እሰጥሃለሁ፤ አታስለምነኝም፣ አልለምንህም።"

ባለቤቱ እሺ አለ። እሺ ባይልም ሰኞ መጥታ እንደምትሠራ ያውቃል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃታል።

ቅዳሜን ሚዛን በንዴት አሳለፈችው። ምድጃውን ረገመች፣ እንቁላሎቹን ረገመች፣ ኩባያውንማ ግድግዳ ላይ ልታላትመው ምንም አልቀራት። እሑድ ጠዋት ግን ተጠያቂውን አግኝታ ነበር፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው፣ እህቷ እንጂ። ገና ከደጅ ጀመረቻት።

"ቁጥር አሳስተሽ አንብበሽልኝ ጉድ አደረግሽኝ!"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? አንዱን አይተሽ ሌላ ብለሽኛል። አፍሽ ከወሬ መች ይመለሳል!"

"እኔ በደንብ ነው ያነበብኩት! ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ!"

ካለችው በኋላ እህቲቱ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ሚዛን በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። የተነገረው ቃል ሁለቱንም እኩል መታቸው። ያ ወሬ የማያልቅበት ወጥ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ጭር አለ። እህቲቱ እጇ የሚይዘው ነገር ቢቸግረው ሩዝ ልትቀቅል ተነሣች። ኩባያው በሚዛን ቦርሳ ውስጥ ስለነበር አንድ ብርጭቆ አነሣች፣ ሩዙን ጠለቀች።

ጠቅ፣ ጠቅ።

"ምን አደረግሽ?" አለች ሚዛን።

"ሩዝ ልቀቅል ነዋ" አለች እህቲቱ፣ በለቅሶ ድምፅ።

"ሩዙን አይደለም። ብርጭቆውን ምን አደረግሽው?"

"ምንም።"

"መታሽው። ጠረጴዛው ላይ መታሽው። ድገሚው እስቲ።"

እህቲቱ ሩዙን መልሳ ደፋችና እንደገና ጠለቀች። ጠቅ፣ ጠቅ። ራሷም ሰማችው። "እንጃ እኔ... ሁልጊዜ እንዲህ ሳላደርግ አልቀርም። እማዬ ስትሰፍር ትመታው አልነበር?"

ትመታው ነበር። ሚዛን ወንበሩን ዳብሳ ተቀመጠች። ይህ ድምፅ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ቤታቸው ውስጥ ነበር፤ ሰው የገዛ ትንፋሹን እንደማይሰማ ሁሉ ጆሮዋ አልፎት ኖሯል። የዚያን ቀንም ዱቄቱ ሲሰፈር ኩባያው ሁለቴ ሁለቴ ሲመታ ከወሬው ጋር አብራ ሰምታዋለች፣ ግን አላዳመጠችውም። መቶ ስልሳው የተመታ ዱቄት ክብደት ነው። ዓርብ ኩባያዋን የሞላችው ደግሞ በተነፋ፣ አየር በጠገበ፣ ባልተመታ ዱቄት ነበር። ኩባያ እንደ ሰፋሪው ነው ስትል የኖረች ሴት፣ ሰፋሪዋን ትታ ቁጥሩን ብቻ ይዛ ሄዳለች።

መሳቅ ጀመረች። እህቲቱ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ ምን እንደሚያስቃት ሳታውቅ አብራት ሳቀች።

"ነይ እቀፊኝና ሚዛኑን አምጪው" አለች ሚዛን።

የዚያን ቀን ከሰዓት ያ ወጥ ቤት ወፍጮ ቤት መሰለ። ሚዛን በመጀመሪያ እንደ ዓርቡ ሰፈረች፤ ተነፍቶ፣ በማንኪያ፣ ሳይመታ። እህቲቱ አነበበች። መቶ አሥራ ስምንት። ደገመች፤ መቶ ሠላሳ አንድ። ሦስተኛው ሌላ። እንግዲያው ባይመታስ፣ ኩባያውን ቢያበዙትስ ብላ ታስብ የነበረውን እዚያው ላይ ተወችው፤ በየጊዜው የሚለዋወጥ ነገር ላይ ኬክ አይሠራም። ቀጥሎ እህቲቱ በራሷ መንገድ ሰፈረች። መቶ ስልሳ። መቶ ሃምሳ ዘጠኝ። መቶ ስልሳ። ሚዛን ጣቷን ልታነሣ ብላ ተወችው። ለስንት ዘመን ጆሮዋ ሲያልፈው የኖረው ምት፣ አየሩን አስወጥቶ ኩባያውን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚያደርገው እሱ ነበር።

"በይ፣ አሁን የኔ እጅ ያንቺን እስኪመስል ድረስ አንነሣም።"

"እትዬ፣ እራት አለ እኮ።"

"እራት ይደርሳል።"

መታች። "መቶ ሃምሳ ሁለት። ፈራ ተባ አልሽ።" መታች። "መቶ ስልሳ ስምንት! ኧረ ጠረጴዛዬን ልትሰብሪው ነው!" ዱቄቱን መልሳ፣ ጠልቃ፣ መታች። እህቲቱ የእጇን አንጓ ያዘችላት፤ ክንዷን ሳይሆን አንጓዋን ብቻ እንድትጠቀም፣ ኩባያውን ከጣት ውፍረት በላይ እንዳታነሣው አሳየቻት። ጎረቤት የሚንኳኳው የሱ በር መስሎት ደጋግሞ "ማነው?" አለ። ክንዷ ዛለ፣ ፀጉሯ በዱቄት ነጣ፣ ሁለቴ ተቆጣች፣ አንዴ ላለቅስ ነው አለች፤ ኩባያውን ግን አልለቀቀችም። በመጨረሻ እህቲቱ "መቶ ስልሳ" አለች። ቀጥሎም "መቶ ስልሳ"። ቀጥሎም ያንኑ። ሚዛን በቃኝ እስክትል ድረስ ሌላ ቁጥር አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ። ከዳቦ ክፍል ያሉትም ሠራተኞች አንዱ ጨው ረሳሁ፣ አንዱ ውኃ ጠማኝ እያለ በኬክ ክፍሉ በር ሲመላለስ አረፈደ። ሚዛን ለማንም ጆሮ አልሰጠችም። ዱቄቱን ሳትነፋው ከጆንያው ጠለቀች። ጠቅ፣ ጠቅ። ጠረገች፣ ገለበጠች፣ ደግማ ጠለቀች።

"ምነው እትዬ፣ ኩባያው ምን በደለዎት?" አለ ባለቤቱ።

"ቆጠራዬን አታሳስተኝ" አለችው።

ስድስት ኩባያ ከሩብ ከሞላ በኋላ ነው የነፋችው። ሊጡ ሲያልቅ በማማሰያ አነሣችውና ወደ ቁጥሩ ሳትሄድ በፊት እጇን ጠየቀች። ሊጡ ከማማሰያው ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ሰፊ ሆኖ፣ ሳይቸኩል ወረደ። እጇ "ልክ ነው" አላት። አመነችው።

ኬኩ ምድጃ ውስጥ ሳለ አልተቀመጠችም። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እጆቿን ሽርጧ ላይ አድርጋ ቆመች። ሽታው ሲመጣ አፍንጫዋ ቀድሞ አወቀ፤ የምድጃው ሰው ሲከፍተው እሷ እዚያው ደርሳ ነበር። አሁንም ዝም አለ።

"ደግሞ ምን ሆነ?"

"እኔ ዛሬ አልናገርም። ራስሽ ንኪው።"

መዳፏን መሃሉ ላይ አሳረፈች። ትኩስ ነበር። ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ጉብ ብሎ ጠበቃት፤ ስትጫነው ወረደ፣ ስትለቀው ተመልሶ መዳፏን ሞላው። ማንም ሳይጠይቃት "ተነሥቷል" አለች። የምድጃው ሰው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ አጨበጨበ፤ በሩ ላይ ውኃ የጠማቸው ሁሉ አጨበጨቡ።

ባለቤቱም መሃሉን በጣቱ ነካ፤ ከዚያ ድሮ ክሬም ይሰርቅ እንደነበረው ከዳሩ ቆርሶ አፉ ከተተ። "ታዲያ ወንበሩን ምን ላድርገው?"

"ወደዚህ አምጣው።"

"እንዲያርፉበት?"

"ጆንያ ላስቀምጥበት። ወገቤ እኮ አርጅቷል፤ ጎንበስ ብዬ መጥለቅ አልችልም።"

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ሚዛን የኬኩን ግማሽ በወረቀት ጠቅልላ፣ ኩባያውንና ጆጉን በቦርሳዋ ይዛ እህቷ ቤት ደረሰች። እህቲቱ ከበሩ ጀምራ ጮኸች፣ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው እንድትነግራት አደረገች። ባለቤቱ ስለ ኩባያው ያለውን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ ኬኩን ቆርሳ በላች። ጣቷን ስትልስ ሚዛን ሰማቻት።

ጠበቀች። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቀዋለች። አልመጣም። እህቲቱ ፍርፋሪውን ሰበሰበች፣ ሳህኑን አነሣች፣ ስለ ዘበኛው ጋብቻ ቀጠለች። ሚዛን ጆሮዋን አቁማ ቆየች፤ ጥያቄው ድሮ መቅረቱ፣ ከቀረም ስንት እሑድ እንዳለፈው ያን ጊዜ ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ሚዛን ለሌላት ሴት ግራም ስትሰጥ ኖራለች፤ ሚዛን እንደሌላትም እያወቀች።

"ዱቄት ስድስት ኩባያ ከሩብ" አለች ድንገት።

ወሬው ቆመ። "ምን አልሽ?"

"ስኳር አራት ኩባያ። ቅቤው በጆጉ፣ ከታችኛው ጭረት እስከ ላይኛው።"

"እትዬ..."

"አታቋርጪኝ። እንቁላል አሥራ አራት። ወተት ሁለት ኩባያ።"

እህቲቱ ሳህኑን አስቀመጠች። አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። "ስንት ዘመን ለመንኩሽ። ስንት ዘመን በኩባያ የለም አልሽኝ።"

"ውሸቴን ነው። ነበረ። ካንቺ የምበልጥበት አንድ ነገር እንዲኖረኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ይቅር በይኝ።"

ከዚያ ወንበር ተጎተተ። ቦርሳዋ ሲከፈት ሰማች፣ ኩባያው ሲወጣ፣ የዱቄቱ ቆርቆሮ ክዳን ሲነሣ።

"አሁን ልትሠሪው ነው?" አለች ሚዛን።

"ታዲያ መቼ? ዕድሜዬ ካለቀ በኋላ? ተቀምጠሽ ቁጠሪልኝ።"

ጠቅ፣ ጠቅ።

"አንድ" አለች ሚዛን።